ናፍጣ ፒክአፕ ተጎታች መሳብ ሲያቅተውና ነዳጅ ሲበላ፦ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ባዶውን ሲነዳ ደህና ነው። ተጎታች ሲታሰርበት ግን ዳገት ላይ ይንፏቀቃል፣ ነዳጁንም እንደ ውሃ ይጠጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጋዝ እየሰጠ ችግሩን ሲፈልግ ነው። ቆሞ የሚጮህ ሞተር ጭነት የለበትም። ጭነት ከሌለ ደግሞ የደከመ ፓምፕም፣ የተሰነጠቀ ቱቦም፣ የታፈነ የጢስ መንገድም ራሱን ይደብቃል።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጋራዥ «ኢንጀክተሮቹ አልቀዋል» አለኝና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱንም ቀየርኩ። መኪናው ግን ያው ነበር። ኋላ ላይ ስናገኘው ጥፋቱ ከኢንተርኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) በታች ያለ አንድ የጎማ ቱቦ ነው። ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ስንጥቁ ይገጥማል፣ ዳገት ላይ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባው) ሲነፋ ይከፈታል። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። የሚለካ ነገር ሳትለኩ ምንም ዕቃ አትግዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦
- ኮድ ከማንበብ አልፎ የሞተሩን መረጃ በቀጥታ የሚያሳይና የሚቀዳ ስካነር። ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሽ መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይበቃም።
- ሳይነካ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትርና የጎማ ነፋስ መለኪያ።
- ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ።
- ክሪክ፣ ጠንካራ የብረት መደገፊያዎችና የጎማ ታኮ።
- የመኪናችሁ የጥገና መመሪያ። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች አቅጣጫ ለመያዝ ናቸው። የመጨረሻው ዳኛ መመሪያው ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ቀልድ የለባቸውም።

በዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ላይ የነዳጁ ግፊት ከ1600 ባር ሊያልፍ ይችላል። ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ፍሳሽ በእጅ አትፈልጉ፣ ካርቶን ተጠቀሙ። ቆዳችሁን ከበሳ ባያማችሁም እንኳ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። በድሮ ሞተር ላይ እንደሚደረገው ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት እዚህ ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ግፊቱ መውረዱን ስካነሩ ላይ አረጋግጡ፣ ከዚያ ፍቱ።

በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግቡ።

ዲፒኤፍ (የጢሱን ጥላሸት የሚይዘው ማጣሪያ) የያዘውን አቃጥሎ ራሱን ሲያጸዳ የጢስ መንገዱ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ሰዓት ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ።

ደረጃ 1፦ ቅሬታውን ቁጥር አድርጉት

«ነዳጅ ይበላል» የሚለውን ወደ ቁጥር ካልቀየራችሁት መሻሻሉንም ማወቅ አትችሉም።

1. ታንኩን ማደያው ራሱ እስኪቆርጥ ሙሉ። ከዚያ በላይ አታስጨምሩ።
2. የጉዞ መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መልሱ።
3. ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዱ። የተቀላቀለ ጉዞ አታድርጉት። ወይ ሁሉንም ባዶ፣ ወይ ሁሉንም ከተጎታች ጋር።
4. በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ እንደገና ሙሉ።
5. ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። 480 ኪሎ ሜትር በ62 ሊትር ከሄደ በሊትር 7.7 ኪሎ ሜትር ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን አማካይ ፍጆታ አትመኑ። ኮምፒውተሩ ግምት ነው የሚሰጠው። ኢንጀክተር ሲያፈስ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይሳሳታል።

ጎማ ቀይራችሁ ከሆነ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከ245/70 አር16 ወደ 265/75 አር16 የተቀየረ ጎማ ቁመቱ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መቁጠሪያው 480 ሲል በእውነት የሄዳችሁት 515 ገደማ ነው። ያኔ ፍጆታው በሊትር 7.7 ሳይሆን 8.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያው ልክ ደግሞ መሬት ላይ የሚደርሰው የመሳብ ጉልበት በእያንዳንዱ ማርሽ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል። «ኃይሉ ጠፋ» የሚለው ቅሬታ ጎማ በተቀየረ ማግስት ከጀመረ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ተጎታቹን ከነጭነቱ መዝኑት። በመመሪያው ላይ ለመኪናውና ለተጎታቹ በድምሩ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ የሞተር ምርመራ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ መኪናው በነጻነት ይንከባለላል?

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። የተጣበቀ ፍሬን ግን ኃይልንም ነዳጅንም እኩል ይበላል፣ ስካነርም ላይ አይታይም።

1. የጎማ ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። የተጎታቹንም ጭምር።
2. 15 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። በመጨረሻ ፍሬን ብዙ ሳትረግጡ ቀስ ብላችሁ አቁሙ።
3. ወዲያው የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ዲስክ ወይም ታምቡር ሙቀት ለኩ። ግራና ቀኝ አወዳድሩ። ፊትን ከኋላ ጋር አታወዳድሩ፤ የተፈጥሮ ልዩነት አላቸው።
4. አንዱ ከአቻው በ30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሞቀ ፍሬኑ እየያዘ ወይም ኩሽኔታው እየታሸ ነው።
5. ተጎታቹንም በዚሁ መንገድ ለኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሙቀት ያሳየውን ጎማ አንሱና በእጅ አሽከርክሩት። ከከበደ የፍሬኑን መንፊያ ቡሎን ትንሽ አላሉት። ሲላላ ጎማው ነጻ ከሆነ የፍሬን ጎሚኒው ውስጡ አብጦ ዘይቱን እያገደ ነው። ካልተላቀቀ ፒስተኑ ወይም ማንሸራተቻው ደርቋል። በነገራችን ላይ የእጅ ፍሬን ካቦንም እዩ፤ ዝጎ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

አራቱም ጎማ እንዲሠራ የሚያደርገው ማርሽ መላቀቁንም አረጋግጡ። መብራቱ ስለጠፋ ብቻ ተላቋል ማለት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ኮዱን አንብቡ፣ አታጥፉ

ኮዶቹን ሁሉ ጻፉ። ኮዱ ሲመዘገብ የነበረውን ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት የሚያሳየውን ገጽም ፎቶ አንሱ። ኮዱን ካጠፋችሁት ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ያን ያህል ጠቃሚ ነገር ሁለተኛ አታገኙም።

ኮድ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ ምን እንዳየ ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይነግራችሁም። «የቱርቦ ግፊት አነሰ» የሚል ኮድ ቱርቦ ቀይሩ ማለት አይደለም። ቱቦ፣ ሴንሰር፣ ኢጂአር (ከጢሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ባልቮላ)፣ የታፈነ የጢስ መንገድ ሁሉ ያንኑ ኮድ ያመጣሉ።

ደረጃ 4፦ ቀላል የሚመስሉት

- ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል ርገጡ። ስካነሩ 100 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት። 80 ላይ ከቆመ ሥሩ ያለውን ምንጣፍ አንሱና ድገሙት።
- የአየር ፊልትሮውን አውጡ። ከአቧራው በተጨማሪ እርጥበትና የአይጥ ጎጆም ፈልጉ። የአየር መግቢያ ቱቦውን እስከ መጀመሪያው ድረስ ተከተሉ።
- የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ አፍስሱ። ፊልትሮው ከታዘዘለት ኪሎ ሜትር ካለፈ ቀይሩት። አዲሱን ስትሞሉ በእጅ ፓምፑ ሙሉ፤ ከውጭ ያልተጣራ ናፍጣ አትጨምሩበት።
- የሞተሩን ሙቀት ተከታተሉ። አብዛኞቹ ሲሞቁ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይይዛሉ። ከ20 ደቂቃ የአውራ ጎዳና ጉዞ በኋላ 65 ላይ ከቆመ ቴርሞስታቱ (የራዲያተር ውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተከፍቶ ቀርቷል። ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ አስቦ ይሠራል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዲፒኤፉም በአግባቡ አይጸዳም።

ደረጃ 5፦ ጭነት ላይ መረጃውን በስካነር ቅዱ

የዚህ ጽሑፍ እምብርት ይህ ነው። ሌላውን ቢቸኩሉበትም ይህን ተረጋግታችሁ ሥሩ።

መጀመሪያ አንድ ፈተና። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያከፋፍለው) ግፊት ሴንሰሩ ያላችሁበትን ቦታ የአየር ግፊት ማሳየት አለበት። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ 76 ገደማ ነው። የዲፒኤፍ ልዩነት ግፊት (በማጣሪያው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት) ደግሞ ዜሮ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የሚዋሽ ሴንሰር ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የተሳሳተ ሚዛን ይዞ ወደ ገበያ አይወጣም።

ቀጥሎ፦

1. ሰው ይዛችሁ ውጡ። ነጂው መንገዱን ብቻ ያያል፣ ስካነሩን ሌላው ይይዛል።
2. ነጻ የሆነ ረጅም ዳገት ምረጡ። ከተቻለ ተጎታቹን አስራችሁ ሂዱ።
3. እነዚህን ብቻ ምረጡ፦ የሞተር ዙር፣ የመኪናው ፍጥነት፣ የነዳጅ መስጫው መጠን፣ የታዘዘና የተገኘ የሬል ግፊት (ለኢንጀክተሮቹ ነዳጅ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ግፊት)፣ የታዘዘና የተገኘ የቱርቦ ግፊት፣ የአየር መጠን፣ የኢጂአር ቦታ፣ የዲፒኤፍ ግፊት። ስካነሩ ብዙ መስመር ሲሰጠው ይዘገያል። ዝግታው ካስቸገራችሁ በሁለት ዙር ቅዱ፤ በመጀመሪያው የነዳጁን፣ በሁለተኛው የአየሩን።
4. ሞተሩ በደንብ ይሙቅ።
5. በ3ኛ ማርሽ ከ1500 ዙር ጀምሩ። እስከ ወለል ርገጡ። 3500 አካባቢ እስኪደርስ ወይም ፍጥነቱ ከሕጉ እስኪጠጋ ያዙት። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ቆልፉት።
6. ሦስት ጊዜ ድገሙ። በየመሃሉ ለማቀዝቀዝ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

መስተዋት ላይ ጢሱንም እዩ። ጥቁር ጢስ ለነዳጁ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። ኃይል የለም፣ ጢስም የለም ከሆነ ብዙ ጊዜ ነዳጁ አልደረሰም። ሰማያዊ የዘይት ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ውሃ ነው።

ደረጃ 6፦ የቀዳችሁትን አንብቡ

ሙሉ በሙሉ የረገጣችሁበትን ሰከንዶች ብቻ ውሰዱ። «የታዘዘ» ማለት ኮምፒውተሩ የፈለገው ነው። «የተገኘ» ማለት በእውነት የመጣው።

የሬል ግፊቱ ከታዘዘው በታች ከወደቀ፦ ነዳጅ ነው። ወደ ደረጃ 9 ሂዱ። አብሮት የቱርቦ ግፊቱ ቢወድቅም ከነዳጁ ጀምሩ። ቱርቦን የሚያሽከረክረው ጢስ ነው፤ ነዳጅ ካልተቃጠለ ቱርቦውም አይዞርም። ብዙ ደህና ቱርቦ የተጣለው ይህ ባለመታወቁ ነው።

የሬል ግፊቱ ደህና ሆኖ የቱርቦው ብቻ ካነሰ፦ የአየር ወይም የጢስ መንገድ ነው። ደረጃ 7 እና 8።

የታዘዘው ራሱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፦ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ኃይል እየቀነሰ ነው። ሊምፕ ሞድ ይባላል። የሞተር ሙቀት፣ የጢስ ሙቀት፣ የዲፒኤፍ መሙላት ወይም የተመዘገበ ኮድ ምክንያቱን ይነግራችኋል። እዚህ ጋ ዕቃ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ሁሉም እንደታዘዘው ከመጣና መኪናው አሁንም ከደከመ፦ ሞተሩን ተዉት፣ ወደ ደረጃ 10 እለፉ።

ደረጃ 7፦ የአየር መንገድ

1. ከቱርቦው እስከ ማኒፎልድ ያሉትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ዳብሱ። ሥራቸውን በባትሪ እዩ። ትኩስ የዘይት ርጭት ያለበት ቦታ አየር የሚያመልጥበት ነው።
2. የቱርቦውን መግቢያ ቱቦ አውልቃችሁ በልኩ መድፈኛ ዝጉት። መድፈኛውን በማሰሪያ አጥብቁ።
3. የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀም አየር ጓርኒሲዮን እንዳይገፋ ነው።
4. አየር ቀስ ብላችሁ ስጡ። ከ1 ባር አትለፉ። ፊታችሁን ከመድፈኛው አቅጣጫ አርቁ።
5. ሳሙናውን ርጩ። አረፋ የሠራበትን ምልክት አድርጉ። ኢንተርኩለሩን ጥግና ጥጉን አትርሱ።

ትንሽ አየር በቫልቮች በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ ያልፋል፤ አያስጨንቃችሁ። ወደ ውጭ ግን መውጣት የለበትም።

ቱቦው ደህና ከሆነ የቱርቦውን ዘንግ እዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞና ጠፍቶ በእጅ አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚታወቅ ልልነት ካለ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ቱርቦው አልቋል። ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ሽፋን ይኖራል። የተጠራቀመ ዘይት ካገኛችሁ ግን መኪናውን አትንዱት፤ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ሊጠፋ የማይችልበት ደረጃ ይደርሳል።

ክንፉ የሚስተካከል ቱርቦ ከሆነ የመቆጣጠሪያ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። ክንፎቹ ተከፍተው ከደረቁ በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። ተዘግተው ከደረቁ ደግሞ ከፍ ባለ ዙር ግፊቱ ይበዛና ወደ ሊምፕ ሞድ ይገባል። በቫኩም የሚሠራ ከሆነ ከቱርቦው በፊት ቀጫጭኖቹን የቫኩም ቱቦዎች ቀይሩ። ርካሽ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም እነሱ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ኢጂአርና ዲፒኤፍ

ሙሉ ስትረግጡ ኢጂአር መዘጋት አለበት። ስካነሩ «ተዘግቷል» እያለ የአየር መጠኑ ዝቅ ካለና ጥቁር ጢስ ካለ ባልቮላው ጥላሸት ይዞት በትንሹ ተከፍቶ ቀርቷል። አውጥታችሁ መቀመጫውን እዩ፣ አጽዱ። የአየር መጠን ሴንሰሩን ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ እጠቡ፤ በጨርቅ አትንኩት።

የዲፒኤፍ ግፊት ጭነት ላይ ከመመሪያው በላይ ከወጣ መጀመሪያ ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች እዩ። ከተሰነጠቁ ወይም ቦታ ከተለዋወጡ ንባቡ ውሸት ነው። ንባቡ እውነት ከሆነ ለምን እንደሞላ ጠይቁ። የቱርቦ ፍሳሽ፣ የተከፈተ ኢጂአር፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ቴርሞስታት ሁሉ ጥላሸት ያበዛሉ። ሳታስተካክሉ በግድ ብታጸዱት ተመልሶ ይሞላል። በእያንዳንዱ ጽዳት ተጨማሪ ናፍጣ ስለሚቃጠል ፍጆታው የሚያድገውም በዚህ ነው።

የሞተር ዘይቱን መጠን ለኩ። ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የተቋረጡ ጽዳቶች ዘይቱን አቅጥነውታል። ዘይቱን ሳትቀይሩ በጭነት አትንዱ።

«ዲፒኤፉን አውጥተህ ጣለው» የሚለውን ምክር አትስሙ። ምክንያቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፣ በብዙ አገርም ሕገወጥ ነው።

ደረጃ 9፦ የነዳጅ መንገድ

ከታንኩ ጀምራችሁ ወደ ፊት ኑ። ከኢንጀክተር አትጀምሩ።

1. የታንኩን ክዳን አላልታችሁ የዳገቱን ሙከራ ድገሙ። ከተሻለው የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል።
2. ከፊልትሮው ቀጥሎ ባለው ዝቅተኛ ግፊት መስመር ላይ አጭር ግልጽ ቱቦ አስገቡ። ሚኒሞ ላይና ዙር ሲጨምር ተመልከቱ። የአየር አረፋ ሳይቋረጥ ከመጣ ከታንክ እስከ ፊልትሮ ያለ መገጣጠሚያ አየር እየሳበ ነው። ናፍጣ ወደ ውጭ ስለማያንጠባጥብ ዓይን አያየውም። ይህን ቱቦ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ።
3. መስመሩ ንጹሕ ከሆነ የመመለሻ ሙከራ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር መመለሻ እኩል ርዝመት ያለው ቱቦ ወደየራሱ ጠርሙስ አውርዱ። ሞተሩን ለ3 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተዉት። አንዱ ከሌሎቹ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከመለሰ ግፊቱ የሚያመልጠው በእሱ ነው።
4. ሁሉም እኩልና ጥቂት ከመለሱ፣ ግፊቱ ግን አሁንም ከወደቀ፣ የሚጠረጠሩት ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ፣ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ባልቮላ ወይም ሬሉ ላይ ያለው ግፊት ማስተንፈሻ ናቸው።

ፊልትሮውን ወይም ፓምፑን ስትከፍቱ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ካያችሁ ሥራውን አቁሙ። ፓምፑ ራሱን እየፈጨ ነው። ፓምፕ ብቻ ቀይራችሁ ብታስነሱት ዱቄቱ አዲሱንም ኢንጀክተሮቹንም ይበላል። ታንኩ፣ መስመሩ፣ ሬሉ ሁሉ መታጠብ ወይም መቀየር አለበት።

ደረጃ 10፦ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ

ማንዋል ከሆነ ከፍተኛው ማርሽ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ሙሉ ርገጡ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አንዴ ብቻ ሞክሩ፤ መደጋገም ይጨርሰዋል።

አውቶማቲክ ከሆነ በእኩል ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን በትንሹ ጨምሩ። ማርሽ ሳይቀየር ዙሩ በ200 ወይም 300 ከዘለለ የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው) ቁልፍ አልያዘም። ይህ ነዳጅ ይበላል፣ የካምቢዮውንም ዘይት ያሞቃል። ዘይቱን በመመሪያው ሙቀት ላይ ለኩ። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ተጎታች ከመሳብ ታቀቡ።

ደረጃ 11፦ አንድ ነገር ቀይሩ፣ እንደገና ቅዱ

በአንድ ቀን ሦስት ነገር አትቀይሩ። አንዱን ጠግኑ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት ቅዱ። የታዘዘውና የተገኘው መስመር ከተጠጋጉ ኮዶቹን አሁን አጥፉ። ካልተጠጋጉ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ፤ ሁለተኛ ጥፋት አለ።

ከዚያ ታንኩን ሙሉና ደረጃ 1ን ድገሙ። ኮዱ ከተመለሰ ወይም ሊትሩ ካልተንቀሳቀሰ አዲሱንና የድሮውን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ወደ መካኒክ ሂዱ። «ኃይል የለውም» አትበሉት። «በ2500 ዙር የሬል ግፊቱ ከታዘዘው በዚህን ያህል ይወድቃል» በሉትና ቅጂውን በእጁ ስጡት።